ሠላሳ አራት እቅፍ

እማማ ዳሪያ ልጃቸውን «ዓሣ አምጪልኝ» ብለው አላዘዟትም። በሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር ዳር በምትገኘው በሁና መንደር እንዲህ ተብሎ አይታዘዝም፤ ዓሣ ጆሮ አለው፣ የተፎከረበትን ደጅ አይረግጥም ይባላል። ሰማዩ ገና ሳይገረጣ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው፣ ዐይናቸውን ከእሳቱ ሳያነሡ፣

«እስቲ ውኃውን አይተሽ ነይ» አሏት።

«እሺ፣ እማዬ» አለች ቴልማ የጎማ ቦት ጫማዋን እየሳበች። ከዚያ በላይ መነጋገር አላስፈለጋቸውም። የኦገስት አርባ ነገ ነበር።

ኦገስት የእማማ ዳሪያ ታናሽ ወንድም፣ የቴልማ አጎት ነበሩ። በዚያ አገር ልጅ የሚቈጠረው በእናቱ ወገን ስለሆነ የእናት ወንድም ከአባት ይበልጣል፤ የሚቈጣውም፣ የሚያስተምረውም፣ የሚያወርሰውም እሱ ነው። እኒህ ሰው በገና ሰሞን በከተማ ሆስፒታል ዐርፈው አስከሬናቸው በመርከብ መጣ። በመጨረሻዎቹ ቀናት እኅታቸው አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ሳለ፣ «የነጭ ንጉሥ ራስ ሾርባ ባገኝ እኮ እነሣ ነበር» ብለዋቸው ነበር።

ንጉሥ የሚሉት ትልቁን ሳልሞን ነው። ሥጋው ቀይ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ከብዙዎቹ መካከል ሥጋው እንደ ወተት የነጣ አንድ ይገኛል። ከላይ ሲያዩት ከወንድሞቹ አይለይም፤ የሚያውቀው ቢላዋ ብቻ ነው። በሆስፒታሉ የተገኘው ግን የቆርቆሮ ሾርባ ነበር። ኦገስት አንድ ማንኪያ ቀምሰው፣ «ይኼ ባሕር አይቶ አያውቅም» ብለው ሳሕኑን ገፋ አደረጉት። እማማ ዳሪያ ከዚያ ወዲህ ልቅሶ ሊደርስ ለመጣ ሁሉ የሚሉት አንድ ቃል ነበር፤ «ወንድሜ ርቦት ሄደ።»

በአርባው ቀን ሟቹ ይወደው የነበረ ምግብ በእንጨት ሳሕን ይቀመጥና ከቤቱ ጓሮ ስሙ እየተጠራ በእሳት ይቃጠላል። የተቃጠለው ለሱ ይደርሰዋል፤ የቀረውን እንግዶች ይበሉታል። እንግዶቹ ደግሞ እንዲሁ የተገኙ ሰዎች አይደሉም። ሁናዎች ሁሉ ወይ የቁራ ወገን ናቸው ወይ የንስር። አንዱ ሲያዝን ሌላው ይቀብርለታል፣ መቃብር ይቈፍርለታል፣ በአርባው ይጋበዝለታል። እማማ ዳሪያና ቴልማ ቁራ ናቸው። በዚያ ክረምት በመንደሩ የቀሩት ደኅና አጥማጆች ግን ሁሉም ንስር ነበሩ፤ እንጨት ቈረጣ ሰፈር የሄደው የቴልማ ባልም ንስር ነው። ንስር ደግሞ ለራሱ ግብዣ ዓሣ አያመጣም። የባሏ ወንድም፣ ዋርሳዋ ኤልመር፣ «ባገኝ እሰጥሽ ነበር፤ ግን የራሴን ዓሣ ተጋብዤ ልብላ? አያቶቼ ከመቃብር ወጥተው በጥፊ ይሉኛል» ብሎ እቅጩን ነግሯታል።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ በቴልማ ትከሻ ላይ ወደቀ። ቴልማ ደግሞ ከሳምንት በላይ ባሕር ስትመላለስ ሰንብታ ያገኘችው አንድ ትንሽ ቀይ ነበር።

አጥማጅነቷ የትናንት አልነበረም። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተባት ያሳደጓት አጎቷ ናቸው፤ «ሊሊያን» በምትባለው ጀልባቸው ላይ ከጎናቸው ቆማ ነው ፀጉሯ ሽበት የጀመረው። ኦገስት በመሪው ክፍል በር በገቡ ቍጥር እስኪጎነበሱ ድረስ ረጅም ነበሩ፤ እሷ ደግሞ መሪው ላይ ለመድረስ የዓሣ ሣጥን ገልብጣ የምትቆም አጭር ሴት ናት። ወደቡ ላይ ሲያልፉ ልጆች «ምሰሶውና ቅርጫቱ መጡ» ይሉ ነበር።

አጠማመዱ እንዲህ ነው። ከጀልባዋ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች እንደ ክንፍ ይዘረጋሉ። ከየእንጨቱ ጫፍ አንድ አንድ ሽቦ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ በሽቦው መጨረሻ ከባድ ድቡልቡል እርሳስ ይንጠለጠላል፤ መንጠቆዎቹም በሽቦው ላይ ተራርቀው ይታሰራሉ። ጀልባዋ እያዘገመች ትጎትታቸዋለች። ዓሣ ሲነክስ በእንጨቱ ጫፍ ያለችው ደወል ታቃጭላለች። የቀረው ሁሉ ጉልበት ነው። ጥበቡ ያለው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ሽቦው ምን ያህል ይውረድ?

«ባሕር ባለ ብዙ ደርብ ቤት ነው» ይሉ ነበር ኦገስት። «ሰውዬው ምድር ቤት ተኝቶ ሳለ አንቺ ሰገነቱን ስታንኳኪ ብትውዪ ማን ይከፍትልሻል?»

ጥልቀቱ የሚቈጠረው በእቅፍ ነው፤ ሁለት እጅ ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው አንድ እቅፍ ይባላል። በየእቅፉ ሽቦው ላይ ቀይ ክር ይታሰራል፤ መዘውሩን እያዞሩ ሽቦውን ሲለቁ ክሩን ይቈጥራሉ። በበጋ ዐሥር እቅፍ ይበቃል። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ግን ዓሣው ብርዱን ሸሽቶ ይወርዳል። ያን ጊዜ ኦገስት «አሮጊቷ» ወደምትባለው ድንጋይ ሄደው በውጭ ጫፏ በኩል ሽቦውን ሠላሳ አራት ይለቁታል። ሠላሳ ሁለት ከሆነ ከነጮቹ ራስ በላይ ያልፋል፤ ሠላሳ ስድስት ከሆነ እርሳሱ የድንጋዩን ጀርባ ይመታል። «ቀዮቹ ፎቅ ናቸው፣ ነጮቹ ምድር ቤት። ሠላሳ አራት!» ቴልማ ይህን ቍጥር እንደ አባታችን ሆይ በቃሏ ይዛው አድጋለች።

ባለፈው መከር፣ ኦገስት ታመው ከተኙ በኋላ፣ አሮጌው ሽቦ ዝገት በልቶት ስለነበር ቴልማ አውጥታ ጣለችው። አዲሱን ሽቦ ወደቡ ላይ ዘርግታ፣ አጎቷ ሲያደርጉ እንዳየችው፣ እጇን እየዘረጋች ለክታ ቀይ ክር አሰረችበት። ኤልመር በዚያ ሲያልፍ አይቷት፣ «ዋርሳዬ፣ ባሕሩን ሁሉ አቅፈሽ ልትጨርሺው ነው?» ብሎ ስቆባት ነበር። በመከሩ ከላይ ከላይ ያለውን ዓሣ ስታጠምድ ምንም ችግር አልገጠማትም።

ያን ቀን ጠዋት «ሊሊያን» ከወደብ ስትወጣ ባሕሩ እንደ ዘይት ጸጥ ብሎ ነበር። ቴልማ ግን አልወደደችውም። የባሕር ወፎቹ በውኃው ላይ አልነበሩም፤ ተሰብስበው ዳርቻው ላይ ቆመዋል። ተራራው ደግሞ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ እስኪመስል ቀርቦ ይታይ ነበር። ኦገስት እንዲህ ያለውን ቀን «ሊማታ የመጣ ሰው ፈገግታ» ይሉታል።

አሮጊቷ ዘንድ ስትደርስ ነጋ። ጫፏ ከውኃው ብቅ ብሎ፣ በነጭ አረፋ ተከቦ፣ እውነትም ሻሽ ያሰረች ሴት ይመስላል። ቴልማ ሁለቱንም ሽቦ ለቀቀች። ሠላሳ፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ አራት። መዘውሩን ቈልፋ ጀልባዋን በድንጋዩ ዳር ዳር እያዘገመች ነዳቻት። ደወሎቹ ዝም አሉ። ዞራ መጣች። ዝም አሉ። ሽቦውን ስባ የመንጠቆውን ምግብ ለወጠች፤ አዲስ ትንንሽ ብርማ ዓሦች ሰክታ መልሳ ሠላሳ አራት ለቀቀች። ከሰዓታት ድካም በኋላ ያገኘችው በመንጠቆ ላይ የተጠመጠመ የባሕር አረም ነበር።

ሬዲዮኑ ተንጫጫ።

«ዋርሳዬ፣ አለሽ ወይስ ዓሣ ጎትቶ ወሰደሽ?»

ኤልመር ነበር። ጀልባው ከወሽመጡ ማዶ እንደ ነጥብ ትታያለች።

«አለሁ። አንተን እንኳ የሚጎትት ዓሣ ገና አልተፈጠረም፤ ሆድህ ራሱ መልሕቅ ነው።»

«እሱስ እውነት ነው። ምን አገኘሽ?»

«ውኃ።»

«ውኃማ እዚህም ሞልቷል። ስንት ላይ ነሽ?»

«አንተ ስንት ላይ ነህ?»

«ሃያ» አለ ኤልመር ሳያመነታ።

ቴልማ ሳትወድ ፈገግ አለች። የኤልመር ሃያ በመንደሩ የታወቀ ነው። በበጋም ሃያ፣ በክረምትም ሃያ፣ ዓሣ ጀልባው ሞልቶ ሲፈስም ሃያ። ጥልቀትን መዋሸት በአጥማጆች ዘንድ እንደ ውሸት አይቈጠርም፤ ቄሱ እንኳ በንስሓ አይጠይቁትም።

«ሠላሳ አራት ነኝ» አለች በልቧ እንጂ በአፏ አይደለም። በአፏ ያለችው፣ «እኔም ሃያ» ነው።

«እንግዲያው ጎረቤቶች ነን» አለ ኤልመርና ሳቀ።

እኩለ ቀን ላይ ዘይት የመሰለው ባሕር ቆዳው ተኰማተረ። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ሰማዩ እንደ በለዘ ጥፍር ጠቆረ። ሬዲዮኑ እንደገና ሲጮኽ ኤልመር ዋርሳዬ አላላትም።

«ቴልማ» አለ፤ «የአየር ግፊት መለኪያው ቀስት ቍልቍል ወረደ። እኔ ገባሁ። አንቺም ግቢ።»

«አንድ ዙር ብቻ።»

«አንድ ዙር ብቻ ሲሉ መቃብር ያጡትን ልቍጠርልሽ?»

«ኤልመር፣ ነገ እኮ አርባው ነው።»

ሬዲዮኑ ሻሻሻ አለ።

«አውቃለሁ» አለ ኤልመር። «ኦገስት ቢኖሩ ግን ጆሮሽን ይዘው ነበር የሚያስገቡሽ።»

«ኦገስት ቢኖሩማ አርባ ምን ያደርጋል?»

የኤልመር ጀልባ ዞራ ወደ ወደቡ ስታመራ ቴልማ ዐይኗን ሳትነቅል አየቻት። ከዚያ በኋላ በዚያ ሁሉ ውኃ ላይ እሷና አሮጊቷ ብቻ ቀሩ።

ነፋሱ አላስጠበቀም። ማዕበሉ ከኋላ እየመጣ ጀልባዋን ያነሣታል፣ ይጥላታል። ቴልማ በጀልባዋ ኋላ አጥማጁ በሚቆምበት ጕድጓድ ቆማ መዘውሩን ስታዞር አንዱ ሞገድ ከጎን መጥቶ ከራስ ጠጕሯ እስከ እግር ጥፍሯ ደፈቃት። ትንፋሿ ቆመ። ውኃው በአንገቷ ገብቶ በጀርባዋ ወረደ። ጣቶቿ በደቂቃ ውስጥ እንደ እንጨት ደረቁ፤ ጥርሷ ተንገጫገጨ። እንዲህ ሆና መቈየት እንደማትችል ታውቃለች። በብርድ የደነዘዘ እጅ መንጠቆ አይፈታም፣ መሪም አይዝም።

እየተንገዳገደች ወደ መሪው ክፍል ገባች። ከበሩ ጀርባ የኦገስት የዝናብ ካፖርት ተሰቅሎ ነበር። ቢጫ፣ ውስጡ የሱፍ ገበር ያለው፣ ትልቅ። የሞተ ሰው ልብስ እስከ አርባው ቀን አይነካም፤ በአርባው ለንስሮቹ ይሰጣል እንጂ የራሱ ወገን አይለብሰውም። ቴልማ ወር ከሳምንት በዚያ በር ስትገባና ስትወጣ ትከሻዋ እንኳ እንዳይነካው ስትጠነቀቅ ኖራለች። አሁን ፊት ለፊቱ ቆማ ትንቀጠቀጥ ጀመር።

«አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ጮክ ብላ። «የመጣሁት ለእርስዎ ነው። ካልለበስኩት ነገ ለሁለት ሰው ነው የሚለቀሰው።»

ካፖርቱን አወረደችና ለበሰችው። የትምባሆና የዓሣ ዘይት ሽታ ገጠማት። ለአፍታ ዐይኗን ጨፈነች።

ወደ ኋላ ተመልሳ እጇን ወደ መዘውሩ ሰደደች፤ መዘውሩን ግን አልጨበጠችውም። የጨበጠችው የካፖርቱን እጅጌ ነበር። እጅጌው እጇን ሙሉ በሙሉ ውጦታል። በንዴት ልትጠቀልለው ብላ እጆቿን ዘረጋች፤ እንደ ተዘረጋች ቀረች።

የጣቶቿ ጫፍ የደረሰው እጅጌው የሚያልቅበት ድረስ ነው። እጅጌው የሚያልቀው ደግሞ የአጎቷ አንጓ በሚጀምርበት። የእሳቸው መዳፍ፣ የእሳቸው ረጃጅም ጣቶች፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጡት። በግራ አንድ ስንዝር። በቀኝ አንድ ስንዝር።

«አይይይ» አለች ቴልማ። «አይ የኔ ነገር!»

ወደቡ፣ አዲሱ ሽቦ፣ ቀዩ ክር፣ የኤልመር ሳቅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ታያት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሠላሳ አራት ስትል የኖረችው በእሳቸው እቅፍ ነው፤ የለካችው ግን በራሷ። በዐሥር እቅፍ ጊዜ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ስሕተት ግን ከሽቦው ጋር አብሮ ይረዝማል። በየእቅፉ ሁለት ስንዝር ቢጐድል፣ በሠላሳ አራት ስንት ይሆናል? የራሷ እቅፍ ስምንት ስንዝር እንደሆነ ጨርቅ ስትለካ ታውቃለች። በጣቷ ቈጠረች። ስምንት እቅፍ ተኩል። ከሳምንት በላይ ሰገነት ስታንኳኳ ነው የከረመችው!

በኋለኛው በኩል አሮጊቷ በአረፋ ውስጥ ገብታ ወጣች። በረዶ መጣል ጀምሯል፤ ተራራው ተሰውሯል። ልብ ያለው ሰው አሁን ይመለሳል። ቴልማ ጀልባዋን ወደ ድንጋዩ አዞረች።

ሁለቱንም ሽቦ ለቀቀቻቸው። ሠላሳ አራት አለፈ። ሠላሳ ስምንት፣ አርባ። አርባ ሁለት፣ ከዚያ የግማሽ እቅፍ ያህል። ሽቦዎቹ ከነፋሱ ጋር እያፏጩ ጠለቁ። እስከዚያ ሰዓት ሽቦዋ አጭር ስለነበር ወደ ድንጋዩ ብትጠጋም ባትጠጋም ግድ አልነበራትም፤ በዚያው ልማድ ሳታስበው ትንሽ ወደ ውስጥ ገባች። በግራው እንጨት በኩል ጠክ፣ ጠክ የሚል ነገር በሽቦው ላይ ወጣ። እርሳሱ የድንጋዩን ጀርባ እየዳሰሰ ነው። ወደ መሪው ዘልላ ሳትደርስ እርሳሱ ስንጥቅ ውስጥ ተቀረቀረ። እንጨቱ እንደ ቀስት ጐበጠ፤ ጀልባዋ ባለችበት ተይዛ ኋላዋን ለማዕበሉ ሰጠች። አንድ ሞገድ ከኋላ ገብቶ እስከ ጕልበቷ ሞላ።

ለማሰብ ጊዜ የለም። መቍረጫውን አንሥታ የግራውን ሽቦ ቈረጠችው። ሽቦው እንደ ጅራፍ ጮኾ በጆሮዋ አጠገብ አለፈና ባሕር ገባ። «ሊሊያን» እንደ ተፈታ ፈረስ ወደፊት ተወረወረች።

አንድ ሽቦ ቀረ። አንድ እርሳስ፣ ጥቂት መንጠቆ። ጕድጓዱ ውስጥ የገባውን ውኃ በባልዲ እየቀዳች አፈሰሰች። ውጭ ጫፏ፣ አለች ለራሷ። ሁልጊዜ በውጭ ጫፏ በኩል ነበር የሚያልፉት። አረፋውን በግራ፣ ነፋሱን በቀኝ ጕንጭ። በረዶው ዐይኗ ውስጥ እየገባ ነበር፤ አሮጊቷን የምታያት አይደለም፣ የምትሰማት ናት፤ ውኃው ድንጋዩ ላይ ሲፈርስ የሚያሰማው ጕምጕምታ አለ። ያን ጕምጕምታ ከግራ ጆሮዋ ሳታስለቅቅ፣ ሳታስጠጋም፣ አለፈች።

ደወሉ አቃጨለ።

አንዴ ብቻ። ከዚያ ዝም። ማዕበሉ ይሆን? ከዚያ እንጨቱ ራሱ በኀይል ጐንበስ፣ ቀና፣ ጐንበስ አለ፤ ደወሉም እንደ ፋሲካ ደወል ተንጫጫ።

ካፖርቱን እስከ ክርኗ ጠቅልላ መዘውሩን ማዞር ጀመረች። ዓሣው ከበደ፤ ይሰጣል፣ ይነሣል። ወደ ላይ ስባ አንድ ባዶ መንጠቆ ፈታች፤ ሁለተኛውን ፈታች። ሦስተኛው ሲደርስ ውኃው ውስጥ እንደ ትልቅ የብር ትሪ የሚያብለጨልጭ ጎን ታየ። መንጠቆውን ከሽቦው ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ጨበጠች። ዓሣው ጀልባዋን ባየ ጊዜ ቍልቍል ተወርውሮ ገመዱ መዳፏን ላጠው። አልለቀቀችም። ደጋግማ ሳበች። ጫፉ የብረት ቆልማማ የሆነውን በትር በቀኝ እጇ አነሣች፤ አንድ ዕድል ነው ያላት። ሞገዱ ዓሣውን ወደ እሷ ሲያነሣው ራሱ ላይ መታችና ቆልማማውን ሰክታበት ከነክብደቷ ወደ ኋላ ወደቀች። ዓሣው በላይዋ ወደቀ።

በጀርባዋ ተኝታ፣ በረዶው ፊቷ ላይ እየወረደ፣ ንጉሡን አቅፋ ጥቂት ቈየች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው ጆሮው ሥር። «መጥተህልኛልና እግዜር ይስጥልኝ።»

ቢላዋ አላወጣችም። የአርባ ዓሣ የሚከፈተው በባለ ሐዘኑ ቤት ነው። ነጭ ይሁን ቀይ እሷም አታውቅም።

ወደብ ስትቃረብ ሊመሽ ነበር። በወደቡ አፍ ላይ የአንዲት ጀልባ መብራት ሲወዛወዝ አየች። ኤልመር ገብቶ አልቀረም፤ ተመልሶ ወጥቶ ይጠብቃት ነበር። በሬዲዮኑ ድምፁን ለመቈጣት ቢያስተካክለውም አልሆነለትም።

«ሰውዬው እንዳልልሽ ሴት ነሽ! እብድ እንዳልልሽ ዋርሳዬ ነሽ! ሞትሽ ብዬ ለወንድሜ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳስብ ነው የዋልኩት። ምንድን ነው የሆንሽው?»

«ትንሽ ዘገየሁ።»

«ያ አንዱ ሽቦሽ የት አለ?»

«ለአሮጊቷ አበደርኳት።»

ኤልመር ድምፁ ተለውጦ፣ «አገኘሽ እንዴ?»

«አንድ።»

«ስንት ላይ?»

«ሃያ» አለች ቴልማ።

እማማ ዳሪያ ዓሣውን በጠረጴዛው ላይ ሲያዩት ከምድጃው አጠገብ ተነሡ። በመጀመሪያ የልጃቸውን የተላጠ መዳፍ አገላብጠው አዩ። ቀጥሎ የለበሰችውን ካፖርት አዩ። ቴልማ ቍጣ ጠብቃ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«በርዶሽ ነበር?» አሏት።

«አዎ፣ እማዬ።»

«እንግዲህ አጎትሽ አልብሶሻል» አሉና ቢላዋቸውን አነሡ።

ከጕሮሮው ሥር ጀምረው ቀስ ብለው ሰነጠቁ። ቴልማ ጣራውን አየች። የቢላዋው ድምፅ ቆመ። እንደ ቆመ ብዙ ቈየ። መጨረሻ ላይ አላስችል ብሏት ስታይ እናቷ በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው፣ ትከሻቸው እየተርገፈገፈ ያለ ድምፅ ያለቅሱ ነበር። በተከፈተው ዓሣ ውስጥ ሥጋው እንደ ታለበ ወተት ነጭ ነበር።

በማግሥቱ ነፋሱ ጣራ ሲነቅል ቢያድርም ጓሮ ላይ እሳት ነደደ። ራሱና የሆዱ ሥጋ በእንጨቱ ሳሕን ገብቶ፣ የኦገስት ስም ሦስት ጊዜ ተጠርቶ፣ በእሳቱ ላይ ተደረገ። እማማ ዳሪያ ጭሱ ወደ ባሕሩ ሲያዘነብል አዩና፣ «ብላ እንግዲህ፣ ወንድሜ። ትኩስ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ ርቦት ሄደ ሲሉ የሰማቸው ሰው የለም።

ንስሮቹ ተቀመጡ። ሾርባው፣ ድንቹ፣ የደረቀው የባሕር አረም ዞረ። ምግቡ ሲጋመስ የሟቹ ዕቃ ለእንግዶች ተከፋፈለ፤ ቢላዋው ላንዱ፣ ብርድ ልብሱ ላንዱ። ቢጫው ካፖርት ለኤልመር ደረሰው። እሱም ተነሥቶ እዚያው ለበሰውና፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያብሰለስለው የዋለውን ጥያቄ በሰው ፊት አወጣው።

«ዋርሳዬ፣ እዚህ በሙት ማዕድ ላይ መዋሸት ነውር ነው። እስቲ ስንት ላይ አገኘሽው?»

ማንኪያ ሁሉ ባለበት ቆመ፤ የመንደሩ አጥማጅ ሁሉ ጆሮውን አቀና። ቴልማ እናቷን አየች። እማማ ዳሪያ፣ «ንገሪው፤ እውነት ነው ያለው» እንደ ማለት በዐይናቸው ጠቀሷት።

«ሠላሳ አራት» አለች ቴልማ። «በአጎቴ እቅፍ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«በአጎቴ እቅፍ!» አለ ኤልመር እየተንጨረጨረ፤ እጆቹንም ግራና ቀኝ ዘርግቶ ለእንግዶቹ ሁሉ አቤት አለ። «ሰምታችኋል? ያ እቅፍ እኮ ተቀብሯል! ራሴ አይደለሁም መቃብሩን የቈፈርኩት? አሁን እኔ ያን እቅፍ ከየት ነው የማመጣው?»

እጆቹን እንደ ዘረጋ ቈየ። የቢጫው ካፖርት እጅጌ በግራም በቀኝም፣ ልክ ኦገስት ላይ ያርፍ እንደነበረው፣ አንጓው ላይ መጥቶ ዐርፎ ነበር፤ በልኩ የተሰፋ ይመስል።

ቴልማ አየች። ወዲያው ዐይኗን ሰብራ ሾርባዋ ላይ አጐነበሰች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ምን ያስቅሻል?» አለ ኤልመር።

«ሾርባው ነው» አለች። «ትኩስ ነው።»